ስለ ጤና፤ ትርታው ስለ ጠፋበት ክንድ

የበሽተኛን እጅ ይዞ የደም ሥሩን ትርታ መቍጠር የሐኪም ሥራ መሆኑን ሁሉ ያውቃል። ብዙ ጊዜ የሚያዘው ግን አንድ እጅ ብቻ ነው። ዛሬ ሁለቱም እጆች ይያዙ ብለን የምንለምነው በከንቱ አይደለም።

በሐብሩ ወረዳ በግራና የምትኖር የሃያ ዓመት ልጅ አለች እንበል። ትኩሳት ይሰማታል፤ ትከሳለች፤ ሌሊት ያልባታል። ጎረቤት ምች ነው ብሎ ዳማከሴ ያመጣላታል። ሐኪሙም ነቀርሳ ይጠረጥራል፤ ነቀርሳ በአገራችን ብዙ ስለ ሆነ መጠርጠሩ አያስነቅፈውም። ወራት ካለፉ በኋላ ግን ልብስ ስታጥብ ወይም ጠጕር ስትሠራ ግራ ክንዷ ይዝላል፤ ስታርፍም ይተዋታል። ቤተ ዘመድ ይህን ስንፍና ይለዋል፤ ፍርዱ ግን የተሳሳተ ነው።

ከልብ የሚወጣው ታላቁ የደም ሥርና ቅርንጫፎቹ በተቈጡ ጊዜ ግድግዳቸው ይወፍራል፤ የደሙም መተላለፊያ ይጠባል። ስለዚህ የአንዱ እጅ ትርታ ይደክማል ወይም ፈጽሞ ይጠፋል። በሁለቱ ክንዶች ሲለካ የደም ግፊቱ የላይኛው ቍጥር ከ10 በላይ ቢለያይ ሐኪሙን ሊያነቃው ይገባል። በደከመው ክንድ ብቻ የተለካ እንደ ሆነ ግን ግፊቱ ዝቅ ያለ ይመስላል፤ እውነተኛው ደም ብዛትም ተሸሽጎ ልብንና ኵላሊትን ሲጎዳ ይኖራል።

ሚኪቶ ታካያሱ የሚባል ጃፓናዊ የዓይን ሐኪም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1908 ዓ.ም. በአንዲት ወጣት ሴት ዓይን ውስጥ ያየውን የደም ሥሮች እንግዳ አኳኋን ስለ ገለጸ በሽታው በስሙ ይጠራል። የእጅ ትርታ መጥፋቱን ከዓይኑ ጋር ያገናኙት ሌሎች ሁለት የአገሩ ሐኪሞች ናቸው።

የደም ዝቃጭ ምርመራ ይረዳል፤ ነገር ግን ብቻውን አይፈርድም። በነቀርሳም ከፍ ይላልና፤ ደግሞ የደም ሥሩ ተቈጥቶ ሳለ ደኅና ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። የሚያረጋግጠው በአልትራሳውንድ ወይም በሲቲ ስካን የደም ሥሩን ግድግዳ ማየት ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ነቀርሳ አለመኖሩ ይጣራ፤ ቍጣውን የሚያበርደው ፕሬድኒሶሎን የሰውነትን መከላከያ ስለሚያደክም የተደበቀ ነቀርሳ ሊያስነሣ ይችላል።

ዕድሜያቸው ከ50 ላለፉት ሌላ ዓይነት አለ፤ በአፍሪቃ ከአውሮፓ ይልቅ ጥቂት ነው። አዲስ የጆሮ ግንድ ራስ ምታት፣ ሲያኝኩ የመንጋጋ ሕመም፣ የዓይን መጋረድ ምልክቶቹ ናቸው። የጠፋ ዓይን ብዙውን ጊዜ ስለማይመለስ ሐኪሞች የምርመራውን ውጤት ሳይጠብቁ መድኃኒቱን ይጀምራሉ።

ከግራና ወደ ወልድያ ሆስፒታል በሽተኛ የሚልክ ሰው እንግዲህ የሁለቱንም ክንዶች ቍጥር በወረቀቱ ላይ ይጻፍ።