ጥፍሯን ተዉላት

«ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ» ይባላል። አንዳንድ ወገኖቼ ሶፋቸው በተተለተለ ቁጥር «ጥፍሯን አስነቅላለሁ» ሲሉ እሰማለሁ። እኔ በዚህ አልስማማም። የሚቆረጠው ጥፍሯ ብቻ ሳይሆን የየጣቷ ጫፍ አጥንት ጭምር ነው። የኒውዮርክ ግዛት ለሕክምና ካልሆነ በቀር ይህን እ.ኤ.አ. በ2019 በሕግ ከልክሏል።

ድመት የምትቧጭረው በተንኮል አይደለም። ያረጀውን የጥፍሯን ሽፋን ትጥላለች፤ ሰውነቷን ታፍታታለች፤ ከመዳፏ በሚወጣ ጠረንም «ይህ የኔ ነው» ትላለች። ስለዚህ የቃጫ ገመድ የተጠመጠመበት፣ የማይነቃነቅ፣ ሽቅብ ተንጠራርታ የምትቧጭረው ግንድ ከሶፋው አጠገብ አቁሙላት። ስትጠቀምበት ቁራሽ ሥጋ ጣል አድርጉላት። ዐመሏን ማስተው ባይቻል፣ ቦታውን ማስቀየር ይቻላል።