ለአንጋፋ ድምፃዊ ከካባ ይልቅ ሥራ ይሰጠው



ከተማችን ሐዋሳ ባህል አዳራሽ የሚባል ትልቅ ቤት አላት። ለመሆኑ ባህል የሚለውን ስም የተሸከመ ቤት ባህልን የሠሩትን ሰዎች በምን ሊቀበላቸው ይገባል? ይህን ጥያቄ እንድናነሣ ያስገደደን የአንድ አልበም ታሪክ ነው።

አንጋፋው ድምፃዊ ግርማ በየነ እ.ኤ.አ. በ2017 አዲስ አልበም አወጡ። ግርማ ድምፃዊ ብቻ ሳይሆኑ ፒያኖ ተጫዋችና አቀናባሪም ናቸው። ለዓለማየሁ እሸቴና ለሌሎችም ብዙ ዘፈን ሲያቀናብሩ በራሳቸው ድምፅ ያስቀረጹት ግን በጣት የሚቆጠር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 ከዋልያስ ባንድ ጋር ወደ አሜሪካ ሄደው በዚያው ቀሩ፤ ለረጅም ዘመንም ከመድረክ ራቁ። ታዲያ በስተርጅና ወደ መቅረጫ ክፍል የመለሳቸው ማን ነው? አዲስ አበባ አይደለችም፤ ሐዋሳም አይደለችም። ፓሪስ ናት! ያጀባቸው «አካሌ ውቤ» የተባለ የፓሪስ ባንድ ነው፤ ስሙ አማርኛ፣ አብዛኞቹ ተጫዋቾቹ ግን ፈረንሳውያን! ቡዳ ሙዚክ የተባለው ኩባንያም «ኢትዮፒክስ» በሚለው ተከታታይ ሥራው 30ኛ ቁጥር አድርጎ አሳተመው።

ይህ ሲነገር ከመካከላችን «ፈረንጅ ሙዚቃችንን ዘረፈን» የሚሉ ይነሣሉ። እውነቱ ግን እንዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 በወጣ ድንጋጌ ሸክላ የማሳተም መብት ለአገር ፍቅር ቴአትር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። ዐምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት ግን ይህን ሳይፈራ እ.ኤ.አ. በ1969 በራሱ ገንዘብ ማሳተም ጀመረ፤ ከመቶ በላይ ሸክላም አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1975 አገሩን ለቆ ወጣ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እነዚያን ሸክላዎች ፈልጎ፣ ከዐምሃ ጋር ተዋውሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1997 «ኢትዮፒክስ»ን ጀመረ። በየሱቁ ካሴት ያለ ፈቃድ ሲያባዛ የኖረው ፈረንጅ ነበርን? የተዋዋለውን ሌባ ብሎ ያልተዋዋለውን ነጋዴ ማለት ፍርድ አይደለም።

ሌሎች ደግሞ «ዘመናቸው አልፏል፤ አዲሱ ትውልድ አይሰማቸውም» ይላሉ። እንግዲያው ማሕሙድ አሕመድ እ.ኤ.አ. በ2025 በሚሌኒየም አዳራሽ ሲሰናበቱ ሕዝቡ ለምን ተሰበሰበ? በየሠርጉ የሚዘፈነው፣ ወጣቱ ድምፃዊ እያደሰ የሚጫወተው የማን ዜማ ነው? ዜማቸውን ፈልጎ ባለቤቱን አለመፈለግ ንፉግነት ነው እንላለን።

በአገራችን አንጋፋን ማክበር ማለት ካባ ማልበስ፣ ዋንጫ ማስጨበጥ፣ አልፎም የክብር ዶክትሬት መስጠት ሆኗል። ክብሩን አንነቅፍም። ነገር ግን ካባ የለበሰ ሰው ወደ ቤቱ ይገባል እንጂ ወደ ሥራው አይመለስም። ፓሪስ ለግርማ የሰጠችው ሥራ ነው፤ ይኸውም ባንድ፣ ልምምድና መቅረጫ ክፍል። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የሚለው ተረት የተተረተው ለእኛ ይመስላል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን።

አንደኛ፤ በወር አንድ ምሽት ባህል አዳራሽ ለአንጋፋ ድምፃውያን ይከፈት። የከተማችን ወጣት ተጫዋቾች ያጅቧቸው። መግቢያው በቲኬት ይሁን፤ ገቢውም ለባለሙያው ይድረስ። እኛም ተማሪዎች «በነፃ አስገቡን» አንበል።

ሁለተኛ፤ የሚዘፈነው ሁሉ ተቀርጾ በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። የሲዳማና የአካባቢው ሕዝቦች አረጋውያን የሚያውቁት ዜማም አብሮ ይሰብሰብ፤ ሌላ ፋልሴቶ እስኪመጣ አንጠብቅ። ይህ በተለይ የመምህራኖቻችን ኀላፊነት ነው።

ሦስተኛ፤ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 እና ማሻሻያው አዋጅ ቁጥር 872/2007 በወረቀት ብቻ አይቅሩ። ኅብረታችን በሚያዘጋጀው ዝግጅት ሁሉ የሰው ዘፈን ያለ ክፍያ እንዳይጫወት ይወስን። ከመንግሥት የምንጠይቀውን ሕግ አስቀድመን በራሳችን ቤት እናክብር።

ድምፅ እንደ ሸክላ በመደርደሪያ ተቀምጦ አይቆይም። የሰው ዕድሜ አጭር ነው። አንድ አንጋፋ ሲያርፍ በአዳራሾቻችን ሻማ አብርተን ከምናለቅስ፣ በሕይወት ሳለ ማይክሮፎኑን እናብራለት። ቀጣዩ የአንጋፋ ድምፃዊ አዲስ አልበም «በሐዋሳ ተቀረጸ» ተብሎ እንዲነበብ የሚፈልግ ተማሪ ሁሉ በሚመጣው ጠቅላላ ስብሰባ ይህን ሐሳብ በድምፁ ይደግፍ!