ባለቤቱ ያቀለለው ክለብ

ለመሆኑ የጅማ አባ ጅፋር ባለቤት ማን ነው? ይህን ጥያቄ ለአንድ የጅማ ልጅ ብታቀርቡለት ደረቱን ነፍቶ “እኔ ነኛ! ሌላ ማን አለ?” ይላችኋል። እውነቱን ነው። ማልያውን በራሱ ኪስ ገዝቷል፣ ከጓደኞቹ ጋር አዋጥቶ መኪና ተከራይቶ ከከተማ ከተማ ተከትሏል፣ ድምፁ እስኪዘጋ ጮኋል። ዳሩ ግን ለዚሁ ልጅ “ክለብህ በዓመት ስንት ብር ይመደብለታል? ስንት ዕዳ አለበት? ቦርዱንስ ማን ሾመው?” ብትሉት መልስ የለውም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኼ ነው!

ነገሩን ከሥሩ እንየው። ክለቡ በ2009 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊጉ አለፈ። በ2010 ዓ.ም.፣ ገና በመጀመሪያ ዓመቱ፣ ዋንጫውን በላ! አሰልጣኙ ገብረመድኅን ኃይሌ ነበሩ፤ ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ ጎል ያዘንብ ነበር። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር በነጥብ እኩል ሆኖ በግብ ክፍያ ነው የበለጠው። በ2011 ዓ.ም. በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ከግብፁ አል አህሊ ጋር ተገናኝቶ ግብፅ ላይ 2 ለ 0 ቢሸነፍም፣ እዚህ ሀገር ቤት 1 ለ 0 አሸንፎ ነው በክብር የተሰናበተው። ያን ጊዜ ጅማ ውስጥ ባለቤት ነኝ የማይል ባለሥልጣን ነበር? ዋንጫ ሲመጣ ፎቶ ለመነሳት የሚጋፋው ሁሉ ባለቤት ነው።

ከዚያስ? አሰልጣኙ ሄዱ። በ2011 ዓ.ም. መቐለ 70 እንደርታን ይዘው ሌላ ዋንጫ አነሱ። ዋንጫ ያመጡት ተጫዋቾችም ተበተኑ። ቀጥሎ የመጣው ወሬ የኳስ ወሬ ሳይሆን የደመወዝ ወሬ ሆነ። ተጫዋቾች ወራት ሙሉ ሳይከፈላቸው ቀሩ፤ ልምምድ አቆሙ፤ አቤቱታቸው ፌዴሬሽን ድረስ ተጓዘ። የቤት ኪራይ ያልከፈለ፣ ለእናቱ የሚልከው ያጣ ልጅ እሑድ ሜዳ ገብቶ “ለማልያው ሙት” ይባላል። እሱ ለማልያው ይሙት፣ ማልያውን ያለበሰውስ ምን ያድርግ?

በ2014 ዓ.ም. ክለቡ ወረደ። አወራረዱ ራሱ ያሳዝናል። ውድድሩ በሐዋሳ፣ በአዳማና በባህር ዳር እየተዟዟረ ስለነበር የጅማ ሰው ቡድኑ ሲሞት አልጋው አጠገብ እንኳ አልነበረም። እንደ አርሰናልና እንደ ማንቸስተር በቴሌቪዥን መስኮት አይቶ አለቀሰ እንጂ! ከሻምፒዮንነት እስከ መውረድ አራት ዓመት። አራት ዓመት ብቻ!

ታዲያ ማን ተጠየቀ? ማንም! እዚህ ላይ ነው ጉዳዩ ከኳስ የሚያልፈው። የሀገራችን ክለቦች አብዛኞቹ የከተማ አስተዳደር ወይም የመንግሥት ድርጅት ንብረት ናቸው። በከተማ ክለቦች የቦርዱን ወንበር የሚይዘው ብዙውን ጊዜ ከንቲባው ወይም የካቢኔ ሹም ነው። ሹሙ የሚነሳው ቡድኑ ስለተሸነፈ አይደለም፤ የሚሾመውም ኳስ ስለሚያውቅ አይደለም። ሹም በተለወጠ ቁጥር ቦርዱ ይለወጣል፣ ቦርዱ ሲለወጥ አሰልጣኙ ይለወጣል። አዲሱ ሹም “ዕዳው የቀድሞዎቹ ነው” ይላል። የቀድሞውን ብትጠይቁት “አስረክቤያለሁ” ይላችኋል። ገንዘቡ ግን ከአንድ ኪስ ነው የወጣው፤ ከግብር ከፋዩ!

“ተጫዋቾቹ ናቸው በደመወዝ ያከሰሩን” የሚሉ አሉ። ጥሩ! ተጫዋቹ በሽጉጥ አስገድዶ ነው ያስፈረማችሁ? በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ክለቦቹ ተሰብስበው የተጫዋች ደመወዝ በወር ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተስማምተው ነበር። የስምምነቱ ቀለም ሳይደርቅ ከጠረጴዛ ሥር ይከፈላል የሚባለው ገንዘብ ወሬ ከተማውን ሞላው። የራሱን ፊርማ የማያከብር ባለቤት ተጫዋቹን በምን አፉ ይወቅሳል?

ደግሞ ይህ የጅማ ብቻ በሽታ አይደለም። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የወንዶች ቡድን በ2009 ዓ.ም. ሲወርድ ባንኩ ምን አደረገ? ቡድኑን አፈረሰው! ኋላ ሐሳቡን ለውጦ እንደገና አቋቋመውና ቡድኑ በ2016 ዓ.ም. የሊጉን ዋንጫ አነሳ። እሰየው! ግን ልብ በሉ፤ ሲፈርስ ደጋፊውን የጠየቀ የለም፣ ሲነሳም የጠየቀው የለም። በደብዳቤ የሚሞት፣ በደብዳቤ የሚነሳ ክለብ!

ደጋፊውም ከወቀሳ አያመልጥም። ቡድኑ ሲሸነፍ አሰልጣኙን ይሰድባል፣ አንዳንዴም ድንጋይ ያነሳል። የበጀቱን ወረቀት አሳዩኝ ብሎ ግን በር አንኳኩቶ አያውቅም። ድንጋይ ለሹም የተመቸ ነው፤ “ሥርዓት አልበኛ” ብሎ ለማባረር ሰበብ ይሆነዋል። የሚያስፈራው ጥያቄ ነው።

ጥያቄውም ከባድ አይደለም። አንደኛ፣ የክለቡ ገቢ፣ ወጪና ዕዳ በየዓመቱ ተመርምሮ ለሕዝብ ይነገር። ሁለተኛ፣ ደጋፊው መዋጮ እየከፈለ በአባልነት ይመዝገብ፤ የቦርዱንም ወንበር በድምፁ ይምረጥ። ሦስተኛ፣ ደመወዝ መክፈል የማይችል ባለቤት ተጫዋች አያስፈርም፤ ያስፈረመ ሹም ወንበሩን ሲለቅ ዕዳውን ጥሎ አይሂድ።

“ከተማው ደሃ ነው፣ ከዚህ በላይ አይችልም” የሚል መልስ እንደሚመጣ እናውቃለን። ደሃ ከሆነ ሒሳቡን ማሳየት ምን ያስከፍለዋል?

ባለቤቱ ያቀለለውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም ይባላል። አባ ጅፋር የንጉሥ ስም ነው። ስሙን ያቀለለው ግን ማልያውን ለብሶ ሲጮህ የነበረው ልጅ አይደለም። ያቀለሉት በስሙ ፈርመው፣ በስሙ ተበድረው፣ ቀን ሲከፋ “የኛ አይደለም” ያሉት ናቸው። እነሱ ካልፈለጉት ባለቤት ነኝ ለሚለው ያስረክቡት!