«ወፍራም ልበሱ» ሳይሆን «ደረቅ ልበሱ»

ዛሬ የማወራችሁ ስለ መድኃኒት አይደለም፤ ስለ ጋቢ ነው። አዎ፣ ስለ ጋቢ።

ክረምት በገባ ቁጥር እኛ ሐኪሞች የምንደጋግማት ምክር አለች፦ «ብርድ ነው፣ ወፍራም ልበሱ፤ ልጆችን ደራርቡላቸው።» እኔም ለዓመታት ብያታለሁ። አሁን ግን ግማሽ ምክር ናት ባይ ነኝ። ይህን ያስተማሩኝ አንዲት የታች ጋይንት አያት ናቸው።

ጀማሪ ሐኪም ሆኜ አርብ ገበያ አካባቢ ስሠራ፣ በሐምሌ ወር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናትና አያት የአራት ቀን ጨቅላ ይዘው መጡ። መንገድ ላይ ዝናብ ይዟቸዋል። ሕፃኑ በነጠላ ተጠቅልሎ፣ ከላይ ጋቢ ተደርቦበታል። «ጡት እምቢ አለን» አሉ። እኔ ገና ሳላየው «ብርድ ነው፣ ጋቢውን እንዳትገልጡት!» አልኩ። አያትየው ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ ጋቢውማ ርሷል እኮ፤ ምኑን ያሞቀዋል?» አሉኝ።

እጄን ስሰድ እውነትም ነጠላው ሳይቀር ርሷል። የሕፃኑ ሙቀት 34.8 ዲግሪ ነበር። የጨቅላ ጤናማ ሙቀት ደግሞ ከ36.5 እስከ 37.5 ነው። እርጥቡን ሁሉ ገፈፍን፣ ሕፃኑን አደረቅን፣ እናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ አስተኝተን በደረቅ ብርድ ልብስ ሸፈንናቸው። ጡት እምቢ ማለትና መቀዝቀዝ የኢንፌክሽን ምልክትም ስለሆነ እሱንም መረመርን። ማታ ላይ ሞቀ፣ ጡት ያዘ። እኔ ግን «አትግለጡት» ያልኳት ነገር እስከ ዛሬ ትከነክነኛለች።

ነገሩ ምን መሰላችሁ? ጋቢ የሚያሞቀን ጥጡ ሙቀት ስላለው አይደለም። በአራቱ ድርብ መካከል የታሰረው አየር የሰውነታችንን ሙቀት ስለሚይዝልን ነው። ጋቢው ሲርስ የአየሩን ቦታ ውሃ ይወስደዋል። ውሃ ደግሞ ሙቀትን ከአየር 25 እጥፍ ገደማ ያስተላልፋል። እንግዲህ ያ ሲሞቀን የነበረው ልብስ ዞሮ ሙቀታችንን የሚመጥ ሆነ ማለት ነው።

በዚያ ላይ እርጥብ ልብስ ገላ ላይ ይድረቅ ብሎ መተው ዋጋ አለው። አንድ ሊትር ውሃ ለማትነን 580 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ሙቀት ይፈልጋል። ጠጋ ያለ እሳት ወይም ፀሐይ ከሌለ ከዚህ ብዙውን የሚከፍለው ሰውነታችን ነው። አንድ አዋቂ በቀን 2,000 ኪሎ ካሎሪ ገደማ እንደሚያስፈልገው አስቡና አስሉት። በክረምት፣ ጎተራው በሚሳሳበት ወቅት፣ ይህ ቀላል ወጪ አይደለም።

ሁሉም ጨርቅ አንድ አይደለም። በተለመደ አየር ውስጥ 100 ግራም ጥጥ 8 ግራም ገደማ እርጥበት በክሩ ውስጥ ይይዛል፤ ሱፍ ወደ 15 ግራም፤ ፖሊስተር ግን ግማሽ ግራም እንኳ አይሞላም። ታዲያ ሱፍ ብዙ ከያዘ ለምን ይሞቃል? የበግ ጠጉር ላዩ ውሃን ይገፋል፣ እርጥበቱን ወደ ውስጥ ይደብቃል። ጠጉሩ ጥቅልል ስለሆነም ረጥቦ እንኳ አየር ይይዛል። ፖሊስተር ደግሞ ውሃው በክሮቹ መካከል ብቻ ስለሚቀመጥ ጨመቅ፣ አራገፍ ሲያደርጉት ቶሎ ይደርቃል።

አባቶቻችን ይህን ያለ ላብራቶሪ ያውቁት ነበር። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ የዚያ ደጋ ሰው በርኖስና ባና የለበሰው ለጌጥ አይመስለኝም። ለድጓ ትምህርት ወደ ጋይንት ቤተልሔም የሚጎርፈው የቆሎ ተማሪስ ደበሎ የሚደርበው ለምን ይመስላችኋል?

የእኔ አቋም ይኸው፦ ጋቢ ክብራችን ነው፣ በደረቅ ብርድ ወደር የለውም። ለዝናብ ግን አልተሠራም። የሰልባጅ ሹራብና ፍሊስ የለበሰውን ገበሬ «ባህሉን ጣለ» እያላችሁ የምትወቅሱ ሰዎች፣ እስቲ በሐምሌ ዝናብ ሁለት ሰዓት ተጓዙና እንነጋገር! ደግሞም ከአዲስ አበባ ለወላጆቻችሁ በየዓመቱ ጋቢ የምትልኩ ልጆች፣ አንዴ እንኳ የሱፍ ሹራብና የዝናብ ልብስ ላኩላቸው።

እስከዚያው ባለን ነገር ምን እናድርግ?

👉 ዝናብ ሲመጣ ከላይ ላስቲክ ወይም የዝናብ ልብስ ይደረብ፤ ጋቢው ከሥር ይሁን።
👉 ቤት እንደገባችሁ መጀመሪያ እርጥቡን አውልቁ፤ እሳት መሞቅ ከዚያ በኋላ ነው።
👉 ከቤቱ ልብስ አንዷ ለመኝታ ብቻ ትቀመጥ፤ ዝናብ አይንካት።
👉 ጋቢ ሲታጠብ በደንብ ተጨምቆ፣ ሳይታጠፍ ተዘርግቶ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ይሰጣ። «አይደርቅም» ብሎ ክረምቱን ሙሉ ሳያጥቡ መክረም የቅማል መራቢያ ነው፤ ቅማል ደግሞ የሚያገረሽ ትኩሳትና ተስቦ ያመጣል።
👉 ፖሊስተር የለበሰ ልጅ ከምድጃ ይራቅ። ፖሊስተር ሲቃጠል ቀልጦ ገላ ላይ ይጣበቃል። ጥጥም ቶሎ ይቀጣጠላል፤ ሱፍ ግን በቀላሉ አይያያዝም።
👉 ጨቅላ እንደተወለደ ይድረቅ፣ እርጥቡ ጨርቅ ይቀየር፣ እናቱ ገላ ላይ ይሁን። ቢያንስ ለ24 ሰዓት አይታጠብ። ጡት እምቢ ካለ ወይም ገላው ከቀዘቀዘ ገላ ለገላ ታቅፋችሁ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

አንድ ነገር ግን አልደብቃችሁም። ያን ቀን አያትየውን «ታዲያ እናቴ፣ ለምን ደረቅ አላለበሳችሁትም?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ያለችን ይቺው ናት» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ምክር ለመቀየሪያ ልብስ ላለው ሰው ቀላል ነው። ስለዚህ የወሊድ ጥየቃ ስትሄዱ ከገንፎው ጋር አንድ ደረቅ ብርድ ልብስ ያዙ። የሙያ አጋሮቼም፣ ክረምት ላይ እናትን «አሙቂው» ከማለታችን በፊት ጨርቁን በእጃችን እንንካው።

ቸር ያሰማን። ገጠር ቤተሰብ ላለው ሁሉ ሼር አድርጉት!