የአንጎል ጥናት የተደበቀ ራስ ምታት፦ ስሙ ሌላ፣ ሥራው ሌላ የሆነው አንቲቦዲ

«የአልዛይመር መንስኤ ተገኘ» የሚል ዜና በየጊዜው ስልካችሁ ላይ ይመጣል አይደል? ከእንዲህ ዓይነት ዜና ጀርባ ያለው ጥናት ብዙ ጊዜ በአንዲት ትንሽ ብልቃጥ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ብልቃጧ ውስጥ ያለው አንቲቦዲ ይባላል።

አንቲቦዲ (ፀረ እንግዳ አካል) በኮቪድ ጊዜ ደጋግመን የሰማነው፣ ሰውነታችን በሽታን ለመከላከል የሚሠራው ፕሮቲን ነው። ተመራማሪዎች ደግሞ ገዝተው ለሌላ ሥራ ያውሉታል። በአንጎል ህዋስ ውስጥ ካሉት በሺዎች የሚቆጠሩ ፕሮቲኖች የሚፈልጉትን አንዱን ለይቶ እንዲይዝላቸው። ችግሩ ብዙዎቹ ሌላ ፕሮቲን ይይዛሉ፣ አንዳንዶቹ ጭራሽ ምንም አይዙም።

ይህ እንዴት ታወቀ? ካናዳ፣ ሞንትሪያል በሚገኘው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ከአጋሮቻቸው ጋር ፈተና አዘጋጁ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ክሪስፐር በሚባለው ቴክኖሎጂ ፕሮቲኑን የሚያሠራውን ጂን ከህዋሱ ውስጥ ያጠፉታል። አሁን ፕሮቲኑ የለም። አንቲቦዲው አሁንም «አገኘሁት» ካለ፣ የያዘው ሌላ ነገር ነው ማለት ነው።

በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤታቸው ያስደነግጣል። ከአንጎልና ከነርቭ ጋር ለተያያዙ 65 ፕሮቲኖች የሚሸጡ 614 አንቲቦዲዎች ተፈተኑ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ቢያንስ አንዱን ፈተና ወደቁ። የባሰው ደግሞ፣ በአማካይ ለእያንዳንዱ ፕሮቲን 12 ያህል የታተሙ ጥናቶች የወደቀ አንቲቦዲ ተጠቅመው ተገኙ።

ጉዳቱን ለማየት ስቴፈን ሆኪንግ የታመመበትን ኤኤልኤስ እንውሰድ። ከበሽታው ዋና ዋና የዘር መንስኤዎች አንዱ ሲ9ኦአርኤፍ72 የተባለ ጂን ነው። በ2019 በተደረገ ፍተሻ፣ የዚህን ጂን ፕሮቲን የማይለዩ አንቲቦዲዎች ብዙ ተመራማሪዎች በሚጠቅሷቸው ጥናቶች ውስጥ ጭምር መግባታቸው ታወቀ። ታማሚው ጊዜ የለውም፤ ሳይንሱ ግን በተሳሳተ መንገድ ዓመታት ሊያባክን ይችላል።

ገንዘቡም ቀላል አይደለም። በ2015 ከ100 በላይ ሳይንቲስቶች የፈረሙበት ጽሑፍ፣ አሜሪካ ውስጥ ብቻ በመጥፎ አንቲቦዲ በዓመት 350 ሚሊዮን ዶላር እንደሚባክን ገምቶ ነበር።

ታዲያ ጥፋተኛው ማን ነው? ሻጩ ብቻ አይደለም። ተመራማሪ አንቲቦዲ ሲመርጥ «ሌሎች የተጠቀሙት የቱን ነው?» ብሎ ያያል። በዚህ መልክ አንድ ስህተት ከጥናት ወደ ጥናት ይወራረሳል። በዚያ ላይ፣ በተለመደው አሠራር አንቲቦዲው ከእንስሳ ደም ይወሰዳል፤ እንስሳው ሲሞት የሚቀጥለው ምርት ከበፊቱ ይለያል።

መውጫ ግን አለ። ሪኮምቢናንት የሚባሉት አንቲቦዲዎች የዘር ኮዳቸው ስለሚታወቅ ሁሌም አንድ ዓይነት ሆነው ይመረታሉ፤ በፈተናውም የተሻሉት እነሱ ናቸው። አምራች ኩባንያዎችም ምርታቸውን ለፈተና ሰጥተዋል፤ ከወደቁት የተወሰኑትን ከገበያ አንስተዋል፣ የሌሎቹን የአጠቃቀም መመሪያ ቀይረዋል።

የቀረው ከባዱ ነገር ነው። የሌላ ሰው መሣሪያ መፈተሽ ዝናም ዲግሪም አያስገኝም። ስለዚህ የምርምር ገንዘብ የሚሰጡና ጥናት የሚያሳትሙ ተቋማት «አንቲቦዲህ መፈተኑን አሳየኝ» ብለው ግድ ካላሉ፣ የሚፈትሽ ሰው ጥቂት ሆኖ ይቀራል።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? ቀጣዩን «መድኃኒት ሊገኝ ነው» የሚል ዜና ከማጋራታችሁ በፊት «በምን ለኩት?» ብላችሁ ጠይቁ።