«መቶ ዓመት አልፎታል» ከማለታችን በፊት

ናይሮቢ፣ ካምፓላ ወይም ጁባ ውስጥ አንቲካ የሚነግድ የአገራችን ሰው ሱቅ ብትገቡ፣ ከመስቀሉና ከብራናው ቀጥሎ አሁን አሁን የማይጠፋ አንድ ዕቃ አለ (የብራናው ጉዳይ ራሱን የቻለ ሌላ ነውር ነው፤ ለዛሬ እንለፈው)። ሆዱ እንደ ገንቦ የሆነ፣ አንገቱ ላይ የሰው ራስ የተሠራበት ሸክላ ነው። ራሱ ወደ ኋላ የረዘመ፣ ጸጉሩ ከላይ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ፣ ፊቱ ላይ ቀጫጭን ጭረት ያለበት። «የማንቤቱ ነው፣ ከኮንጎ የመጣ፣ መቶ ዓመት ያለፈው» ይባላል። እኛም ብለናል። ይህን የምንጽፈው ማለቱን ማቆም አለብን ብለን ስለምናምን ነው።

ባለፈው ዓመት ከመካከላችን አንዲት እህት የእቁብ ዕጣዋ ሲደርሳት ሙሉውን ይዛ ካምፓላ ወረደች። አንድ ደላላ ሦስት ገንቦዎች አሳያት፤ ሦስቱም ጥላሸት የጠገቡ፣ አንዱ አንገቱ ተሰብሮ የተጠገነ። ከአንድ የቀድሞ ሹም ቤት የወጡ ናቸው አላት። ገዛች፣ ናይሮቢ አምጥታ አንዱን ለአንድ የውጭ አገር ሰው ሸጠች። ሰውዬው በሳምንቱ ዕቃ የሚያውቅ ወዳጁን ይዞ ተመለሰ። ወዳጅየው ብዙም አልተናገረም፤ መሐረቡን ውሃ ነክሮ የገንቦውን ጉንጭ ጠረገ። መሐረቡ ጠቆረ፣ ጉንጩ እንደ አዲስ ጡብ ቀላ። ገንዘቡ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ግን ያ ሰው በዚያ ሕንፃ ላይ ከምንሠራው ከማናችንም አንድ ማንኪያ እንኳ ገዝቶ አያውቅም። ጉዳቱ የእሷ ብቻ አይደለም የምንለው ለዚህ ነው።

ስለ ዕቃው ራሱ ትንሽ እንበል፤ የምንሸጠውን ሳናውቅ ነው የከረምነው። ማንቤቱዎች የሚኖሩት በሰሜን ምሥራቅ ኮንጎ፣ በኡዌሌ ወንዝ አካባቢ ነው፤ ኢሲሮና ኒያንጋራ በዚያው ናቸው። ጀርመናዊው ተጓዥ ጌኦርግ ሽዋይንፉርት እ.ኤ.አ. በ1870 ንጉሥ ምቡንዛን ጎብኝቶ ከጻፈ በኋላ ስማቸው አውሮፓ ውስጥ ገነነ። የራሱ መርዘምም የሸክላ ሠሪው ፈጠራ አይደለም፤ የትልልቅ ቤተሰብ ልጆች ራስ ገና በሕፃንነት እየተጠመጠመ እንዲረዝም ይደረግ ነበር። ከዚያ እ.ኤ.አ. ከ1909 እስከ 1915 ኸርበርት ላንግና ጄምስ ቻፒን የኒው ዮርኩን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ወክለው አገሩን ዞሩ፤ በሺዎች የሚቆጠር ዕቃም ሰበሰቡ። ዛሬ ስለ ማንቤቱ ሸክላ የሚታወቀው አብዛኛው ነገር ከዚያ ስብስብ የመጣ ነው።

እዚህ ላይ ነው የደላላው ወሬ የሚፈርሰው። ኢኒድ ሺልድክራውትና ከርቲስ ኪም የተባሉ ተመራማሪዎች ያንን ስብስብ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1990 ባወጡት መጽሐፍ እንዳሳዩት፣ ባለ ራሱ ሸክላ በዚያ አገር የበዛው አውሮፓውያኑ ሹማምንትና ሰብሳቢዎች መምጣት ከጀመሩ በኋላ ነው። እንግዶቹ የሰው ምስል ያለበትን ወደዱ፣ አለቆቹ ስጦታ አድርገው ሰጡ፣ ሠሪዎቹም አበዙ። ስለዚህ እውነተኛው አሮጌ ዕቃ እንኳ አብዛኛው የዚያ የአጭር ዘመን ሥራ ነው። «ሦስት መቶ ዓመት» የሚላችሁ ደላላ ምንም መሣሪያ ሳያስፈልግ ተያዘ ማለት ነው።

ሠሪዎቹም ሁሉ ማንቤቱ አልነበሩም። ጎረቤቶቻቸው ዛንዴዎችም ይሠሩ ነበር። በማንቤቱ ዘንድ ሸክላ የሴት ሥራ ሲሆን በዛንዴ ዘንድ ግን የወንድ ነበር። ከዛንዴዎቹ አንዱ ምቢቲም ይባላል፤ ዛሬ በደቡብ ሱዳን ባለችው ያምቢዮ አጠገብ፣ ሊ ራንጉ የሚኖር ሸክላ ሠሪ ነበር። ሥራዎቹ እንግሊዝ አገር ሙዚየም ውስጥ በገዛ ስሙ ተመዝግበው ይገኛሉ። ይህን ስሙን ያዙልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ መለየቱ። ከሁሉ በፊት ጥላሸቱን ተጠራጠሩ። ባለ ራሱ ገንቦ ወጥ አይሠራበትም፤ ለዕይታና ለስጦታ የተሠራ ዕቃ ነው። ታዲያ ፊቱ ላይ ጥላሸት ምን ይሠራል? እናቶቻችን ወጥ የሚሠሩበት ድስት ከሥሩ ይጠቁራል እንጂ ጉንጩ ላይ አይጠቁርም። እርግጥ ሜዳ ላይ በእንጨትና በሣር የተተኮሰ ሸክላ ጥቁርና ቀይ እየተፈራረቀበት ይወጣል፤ ሆን ተብሎ በጭስ የጠቆረም አለ። ያ ግን ጭቃው ውስጥ የገባ ነው፣ በእርጥብ ጨርቅ አይለቅም። የሚለቀው የጫማ ቀለም፣ ሻይ ወይም የትናንት ጥላሸት ነው።

ቀጥሎ ውስጡን። እጃችሁ ከገባ በጣት ዳስሱ፣ ካልገባ የስልካችሁን መብራት አብሩበት። በእጅ የተሠራ ሸክላ ግድግዳው አንድ ቦታ ይወፍራል፣ ሌላ ቦታ ይሳሳል፤ የጣት ፈለግም ይገኝበታል። በቅርጽ ማውጫ ተጨምቆ የወጣው ግን ሁለቱ ግማሾች የተገናኙበት ቀጥ ያለ መስመር ከጆሮ እስከ ጆሮ ወይም ከአናት እስከ መቀመጫ ይታይበታል። ደላላው ሁለት አንድ ዓይነት ፊት ያላቸው ካሳያችሁ ደግሞ መዳሰሱም አያስፈልግም። ሁለት እንጀራ እንኳ አንድ ዓይነት ዓይን አይኖረውም።

ስብራት ብዙ ሰው ያታልላል፤ እህታችንንም ያታለላት እሱ ነው። «ባይቆይ ኖሮ አይሰበርም ነበር» ይባላል። ሰብሮ ማጣበቅ ግን የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። የቆየ ስብራት ጠርዙ የተላወሰ ነው፣ ውስጡ አቧራና ቅባት ገብቶበታል። አዲሱ ጠርዙ የሰላ፣ ቀለሙ ንጹሕ ነው። የብር ኖት መመርመሪያዋ ሰማያዊ መብራት እዚህም ትጠቅማለች፤ ጨለማ ውስጥ ስታበሩባት ብዙ ጊዜ ሙጫውና አዲሱ ቀለም ከሸክላው ተለይተው ያበራሉ።

ቤተ ሙከራም አለ። ቴርሞሉሚነሰንስ ይሉታል፤ ከማይታይ ቦታ ጥቂት ዱቄት ቦርቡረው ወስደው ሸክላው ለመጨረሻ ጊዜ እሳት ካየ ምን ያህል ጊዜ እንደሆነው ይገምታሉ። አሁን የተተኮሰውን ከሺህ ዓመቱ ለመለየት ጎበዝ ነው። የሠላሳ ዓመቱን ከመቶ ዓመቱ ለመለየት ሲሆን ግን የግምቱ ስፋት ያስቸግራል፤ ዋጋውም ለእኛ ዓይነት ንግድ አይሆንም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ተምረን እውነተኛውን አሮጌ መርጠን እንነግድ? እንደዚያ አንልም። ከመካከላችን በዚህ የማይስማሙ አሉ፤ «ዕውቀቱ ካለ ምን ያስፈራል?» ይላሉ። የሚያስፈራው እውነተኛው ሲገኝ ነው። ከሥሩ በቀለም የተጻፈ ቁጥር ያለበት አሮጌ ገንቦ እጃችሁ ቢገባ፣ ቁጥሩ የሙዚየም ሊሆን ይችላል። የኪንሻሳው ብሔራዊ ሙዚየም በ1990ዎቹ ሁከት መዘረፉና ዕቃው ገበያ ላይ መታየቱ የታወቀ ነው። ሐሰተኛው ገንቦ ገንዘብ ያስመልሳል፣ እውነተኛው ፖሊስ ጣቢያ ያደርሳል።

ሕጉንም እንመልከት። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው የኬንያ ብሔራዊ ሙዚየሞችና ቅርስ ሕግ ከ1895 በፊት አገሩ ውስጥ የተሠራን ወይም ወደ አገሩ የገባን ተንቀሳቃሽ ዕቃ ከጥንታዊ ቅርስ ይቆጥራል፤ ያለ ፈቃድ ማስወጣት ወንጀል ነው። በእኛም አገር አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። እንግዲህ አስቡት፤ ለደንበኛ ለማሳመር ደረሰኝ ላይ «የሁለት መቶ ዓመት ዕቃ» ብለን ጽፈን ስንፈርም፣ ጉምሩክ ላይ በገዛ እጃችን በራሳችን ላይ መመስከራችን ነው። ባለፈው ወር የተተኮሰ ሸክላ ይዞ በቅርስ አዘዋዋሪነት መጠርጠር!

«አሮጌ ካልተባለ ማን ይገዛል?» የሚለው ጥያቄ እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ የቤት ኪራይ የሚከፈለው ከዚህ ነው። መልሳችን ጎንደር አጠገብ ወለቃ ነው። የቤተ እስራኤል ሴቶች እዚያ የሚሠሩትን አንበሳና ሰው የሚመስል ሸክላ ጎብኚ ለብዙ ዘመን ከመንገድ ዳር ሲገዛ የኖረው አዲስ መሆኑን እያወቀ ነው። ሠሪዎቹ አብዛኞቹ በ1980ዎቹና በ1991 ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላ ሙያው በጎረቤቶቻቸው እጅ ቀጠለ። ዛሬ እስራኤል ያለ ልጅ የእናቱን እጅ ሥራ ሲፈልግ «ስንት ዓመቱ ነው?» ብሎ አይጠይቅም፤ «ማን ሠራው?» ነው የሚለው። ያኔ ስም ጽፎ የያዘ ነጋዴ ቢኖር ኖሮ መልስ ይኖረው ነበር። ሸክላ ሠሪን «ቡዳ» እያለ ሲያገልል የኖረ አገር ሰዎች ነንና ስም አለመጻፋችን አይገርምም።

ምቢቲምን ያነሣነው ለዚህ ነው። የእሱ ገንቦ የሚከበረው አንድ ሰው፣ አንድ ጊዜ፣ ስሙን ስለጻፈለት ነው። ኮንጎና ደቡብ ሱዳን ውስጥ ዛሬም እጃቸው የተባረከ ሠሪዎች አሉ፤ ሥራቸውን በጫማ ቀለም ቀብተን የማይታወቅ የሞተ ሰው ሥራ ነው እያልን እንሸጣለን። ለእነሱ የምንከፍለው የአዲስ ዋጋ፣ የምንቀበለው የአሮጌ ዋጋ።

በሚቀጥለው የእቁብ ቀን ለአባላት የምናቀርበው ይህን ነው። ከአሁን በኋላ የምንሸጠው ባለ ምስል ሸክላ ሁሉ ትንሽ ወረቀት ይኑረው፦ የት ተገዛ፣ ማን ሠራው፣ መቼ ተሠራ። ሠሪው ካልታወቀ «ሠሪው አልታወቀም» ይባል። «አንቲካ» የሚለው ቃል ከሸክላ ደረሰኝ ላይ ይውጣ። የሙዚየም ቁጥር የሚመስል ነገር ያለበት ዕቃ የቀረበለት ሰው ሳይገዛ ፎቶ አንሥቶ ለማኅበሩ ያሳይ።

እህታችን የቀሩትን ሁለት ገንቦዎች በሳሙና አጥባ ቀይ ፊታቸውን አውጥታ መደርደሪያ ላይ አስቀምጣቸዋለች። «አዲስ፣ ከካምፓላ» የሚል ወረቀት ለጥፋባቸዋለች፤ ዋጋቸው ከገዛችበት ያንሳል። አንዱ ሐሙስ ዕለት ተሸጠ። ገዢው የሠሪውን ስም ጠይቋት ነበር፤ ደላላውን ደውላ ብትጠይቀው ስልኩን ዘጋባት።