ማሽኑ ገባ፤ ባለሙያውስ?

የፕላስቲክ ፋብሪካ ለመክፈት ያሰበ ባለሀብት በቅድሚያ የሚጠይቀው የማሽኑን ዋጋ ነው። ቀጥሎ የመጋዘኑን ኪራይ፣ የትራንስፎርመሩን ጉዳይና የጥሬ ዕቃውን ኤልሲ ያነሳል። ደላላውም ለእነዚህ ሁሉ መልስ አያጣም። «ማሽኑን ማን ያንቀሳቅሰዋል?» የሚለው ጥያቄ ግን ሳይነሳ ይቆይና ዕቃው ከጅቡቲ ገብቶ ሣጥኑ ሲከፈት ብቅ ይላል። ያን ጊዜ ደግሞ ረፍዷል።

ጥያቄው ዛሬ ይበልጥ አንገብጋቢ የሆነበት ምክንያት አለ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 የከለከለው ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር የሚያንስ ፌስታሎችን ነበር። በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዋጅ ግን ፌስታልን ማምረትንም፣ ማስመጣትንም፣ መሸጥንም፣ መጠቀምንም ከልክሏል። በመሆኑም ገንዘቡን በፌስታል ላይ ያዋለ ባለሀብት ዓይኑን ወደ ባልዲ፣ ጀሪካን፣ ክዳን፣ ወንበርና የውኃ ቱቦ ማዞሩ የግድ ነው። የፌስታል ማሽን ደግሞ ባልዲ አይሠራም። አዲስ ማሽንና አዲስ ሞልድ ያስፈልጋል፤ ሁለቱም የሚገዙት በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የዶላር ዋጋ ምን እንደሆነ ለነጋዴ መንገር አያስፈልግም።

ሙያውም ይለያያል። ውፍረቱ ትንሽ የተዛባ ፌስታል ገዢ አያጣም ነበር። ጥርሱ የማይገጥም የጠርሙስ ክዳን ግን ገዢ የለውም፤ የውኃ ፋብሪካው ጭነቱን እንዳለ ይመልሰዋል። በፌስታል ትርፍ ያገኘ ነጋዴ በክዳን የሚከስረው እዚህ ላይ ነው።

ሒሳቡን ማየት ይጠቅማል። ለምሳሌ አንድ ማሽን በ30 ሴኮንድ አንድ ጊዜ ቢጨምቅ በሰዓት 120 ባልዲ ያወጣል። ማቀዝቀዣውን በቅጡ ማስተካከል የማያውቅ ኦፕሬተር «እንዳይጣመምብኝ» ብሎ ጊዜውን ወደ 36 ሴኮንድ ቢያሳድገው በሰዓት የሚወጣው 100 ይሆናል። በቀን 20 ሰዓት፣ በዓመት 300 ቀን ለሚሠራ ፋብሪካ ልዩነቱ 120 ሺህ ባልዲ ነው። ማሽኑ አልቆመም፣ መብራት አልጠፋም፣ ሠራተኛው አልቀረም። የጠፋው 6 ሴኮንድ ብቻ ነው።

በጥሬ ዕቃውም በኩል ነገሩ ያው ነው። አገሪቱ የፕላስቲክ ጥሬ ዕቃ የሚያወጣ የፔትሮኬሚካል ፋብሪካ ስለሌላት እያንዳንዱ ኪሎ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣ ነው። ከ100 ቶን ውስጥ 3 ቶን የሚያበላሽና 8 ቶን የሚያበላሽ ፋብሪካ በአንድ ገበያ አብረው ሊዘልቁ አይችሉም። እርግጥ የተበላሸው ተፈጭቶ እንደገና ሊገባ ይችላል። ነገር ግን የበላው መብራትና የሰው ጉልበት አይመለስም፤ በተደጋጋሚ የቀለጠ ፕላስቲክም ጥንካሬው እየቀነሰ ይሄዳል።

ከዚያም እያንዳንዱ ፕላስቲክ የየራሱ ጠባይ አለው። የሃይላንድ ጠርሙስ የሚሠራበት ፔት ከመቅለጡ በፊት ለሰዓታት በሙቅ አየር ካልደረቀ በውስጡ የቀረው እርጥበት ጥንካሬውን ይሰብረዋል። የቱቦው ፒቪሲ ከልክ በላይ ከጋለ አሲድ ያለበት ጋዝ አውጥቶ የማሽኑን ብረት ይበላል። ይህን የማያውቅ ሠራተኛ አንድ ቁልፍ በመጫን ብቻ ባለቤቱን ለትልቅ ኪሳራ ሊዳርግ ይችላል።

ታዲያ ሙያው ዛሬ የሚገኘው ከየት ነው? በአብዛኛው ማሽኑን ሊተክል ከመጣው የውጭ ባለሙያ ነው። ሰውየው ለጥቂት ሳምንታት ይቆያል፤ በአስተርጓሚ ያስረዳል፤ ቁጥሮቹን አስተካክሎ ይሄዳል። ሠራተኛው ቁጥሮቹን በቃሉ ይይዛል፤ ለምን እንደዚያ እንደሆኑ ግን አያውቅም። የጥሬ ዕቃው ዓይነት ሲቀየር ወይም ሞልዱ ሲያረጅ ቁጥሮቹ አይሠሩም። «ሙያ በልብ ነው» ይባላል፤ በፕላስቲክ ሥራ ግን ሙያ በመለኪያም ጭምር ነው።

ይህን ችግር ሌሎች አገሮች በኮሌጅ ፈትተውታል። ህንድ በ1968 እ.ኤ.አ. በማድራስ ለፕላስቲክ ሙያ ብቻ የሚሆን ማሠልጠኛ ተቋም ያቋቋመችው በተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ድጋፍ ነበር። ተቋሙ ዛሬ በልዩ ልዩ ከተሞች ቅርንጫፎች አሉት። የሞልድ ንድፍና ሥራ፣ የማሽን አያያዝና የጥራት ፍተሻ በአንድ ጣሪያ ሥር ይሰጣል። በጀርመን ደግሞ የፕላስቲክና የጎማ ሙያ የ3 ዓመት ሥልጠና ነው። ወጣቱ ከፋብሪካው እየተከፈለው በፋብሪካና በትምህርት ቤት መካከል ይማራል።

በኢትዮጵያም የትብብር ሥልጠና የሚባለው መርሕ በወረቀት ላይ አለ፤ 70 በመቶው በድርጅት፣ 30 በመቶው በኮሌጅ እንዲሆን የታሰበ ነው። ይሁን እንጂ ሠልጣኙን ተቀብሎ በሩን የሚከፍት ፋብሪካ ከሌለ መርሑ መርሕ ሆኖ ይቀራል። ባለሀብቱ ደግሞ ሁልጊዜ የሚያነሳው አንድ ምክንያት አለው፦ «ባሠለጥነው ጎረቤቴ በ500 ብር ጭማሪ ይወስድብኛል።»

ሥጋቱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። ነገር ግን የመነጣጠቁ መንስኤ የባለሙያው ማነስ እንጂ መሠልጠኑ አይደለም። ሞልድ የሚያስተካክሉ ሰዎች በጣት የሚቆጠሩ እስከሆኑ ድረስ ፋብሪካዎች በደመወዝ ጨረታ እየተሻሙባቸው ይኖራሉ። ሁሉም ከፍሎ አንዱም በቂ ሰው አያገኝም። ገበያ የሚያውቅ ነጋዴ ደግሞ ዕቃ ሲወደድ መፍትሔው አቅርቦት መጨመር መሆኑን አያጣውም።

ከፕላስቲክ ጋር አብሮ የሚነሳው የኮምፖዚት ሥራ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ኮምፖዚት ማለት እንደ ፋይበርግላስ የመስታወት ክር ወይም የካርቦን ክር በሬዚን ተነክሮ የሚሠራ ቀላልና ጠንካራ ዕቃ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ቦይንግ 787 ሲረከብ ከአውሮፕላኑ መዋቅር ክብደት ግማሽ ያህሉ ኮምፖዚት ነበር። አየር መንገዱ ግን ቴክኒሽያኖቹን ከመንገድ አልለቀመም፤ ለዓመታት የገነባው የራሱ ማሠልጠኛ አለው። ውድ ማሽን ካለባለሙያ ውድ ብረት መሆኑን የተረዳ ድርጅት የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

አንድ ትንሽ የባልዲ ፋብሪካ ብቻውን ትምህርት ቤት መክፈት አይችልም። አሥር ሆነው ግን ይችላሉ። አንድ መለስተኛ የመጭመቂያ ማሽን፣ አንድ ማድረቂያ፣ አንድ መፍጫና ጥቂት አሮጌ ሞልዶች በአዲስ አበባ ካሉት የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች በአንዱ ግቢ ቢተከሉ ጥሩ መነሻ ይሆናሉ። ለመለማመጃ የሚሆን ፕላስቲክም ከምናለሽ ተራ አይጠፋም። ኮሌጁ አሠልጣኝና ክፍል ይመድባል፤ ፋብሪካዎቹ በየተራ ሠልጣኝ ይቀበላሉ፤ ፈተናውም በወረቀት ሳይሆን በማሽኑ ላይ ይሆናል። ለአሥር የተከፈለው ወጪ አንድ ፋብሪካ በ6 ሴኮንድ ከሚያጣው ገቢ ጋር ይነጻጸር።

ደላላውም ቢሆን ከዚህ ይጠቀማል። ሠርቶ ያተረፈ ደንበኛ ሁለተኛ ማሽን ይገዛል፤ የከሰረ ግን ያንኑ ማሽን በግማሽ ዋጋ ሽጥልኝ ብሎ ነው የሚመለሰው። ስለዚህ በሚቀጥለው የማሽን ድርድር ላይ ከዋጋው፣ ከኪራዩና ከኤልሲው በፊት የኦፕሬተሩ ጉዳይ ይቅደም። መልስ ካልተገኘለት ኤልሲው ባይከፈት ይሻላል።